ላፕቶፕ ሲበላሽ፦ ከመቀየር በፊት መለየት



ስለ ላፕቶፕ ብልሽት እንድናገር ጋብዛችሁኛል። በግብዣ ደብዳቤው ላይ የቀረበልኝ ጥያቄ አጭርና ቀጥተኛ ነው፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ላፕቶፑ ሲበላሽበት ምን ማድረግ ይችላል? እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል የመመረቂያ ጽሑፉ ላፕቶፑ ውስጥ ያለ ተማሪ፣ የፈተና ውጤት የያዘ መምህር፣ የድርጅቱን ሒሳብ የሚሠራ ባለሙያ፣ የቤተሰቡን ፎቶ ያስቀመጠ ወላጅ ይኖራል። ጥቂት የጥገና ባለሙያዎችም እንደተገኛችሁ ተነግሮኛል። ስለዚህ ለሁላችሁም የሚሆን አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። ላፕቶፕ ላይ አንድ ዕቃ ከመቀየራችን፣ ፎርማት ከማድረጋችን ወይም ጥለን አዲስ ከመግዛታችን በፊት ብልሽቱ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ መለየት አለብን። ይህ መለየት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሮኒክስ ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቅደም ተከተል ማወቅንና ትዕግሥትን ነው። ከመቀየር በፊት መለየት፤ ይህችን ሐረግ ዛሬ ደጋግሜ ስለምጠራት ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ ዕቃውን ራሱን እንየው። ላፕቶፕ ከውጭ አንድ ወጥ ነገር ስለሚመስለን ሲበላሽም በደፈናው «ላፕቶፔ ተበላሸ» እንላለን። ውስጡ ግን ተነጣጥለው ሊፈተሹ የሚችሉ ክፍሎች የተሰባሰቡበት ነው። ከግድግዳው ሶኬት የመጣውን 220 ቮልት ወደ 20 ቮልት ገደማ የሚያወርደው ቻርጀር አለ። ከዚያ ባትሪው፤ ከዚያ ኃይሉን ተቀብሎ ለየክፍሉ የሚያከፋፍለው ማዘርቦርድ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ፤ አጠገቡ ራሙ፤ ፋይላችንን የሚይዘው ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ፤ ሙቀት የሚያስወጣው ፋን፤ በማጠፊያው በኩል በቀጭን ኬብል የተገናኘው ስክሪን፤ በመጨረሻም ኪቦርዱ። ቤት ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ማንም ሰው ወዲያው ቧንቧ አይቀይርም። ጎረቤት አለ ወይ ይላል፣ ቆጣሪው ጋ ያለው መዝጊያ ተከፍቷል ወይ ብሎ ያያል፣ የጓዳው ጠፍቶ የግቢው ይወርድ እንደሆነ ይሞክራል። በሦስት ጥያቄ ችግሩ መንገድ ላይ ይሁን ግቢ ውስጥ፣ ግቢ ውስጥ ከሆነም የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ያውቃል። ላፕቶፕም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ የተጠርጣሪዎቹን ቁጥር የሚቀንስ፣ በጣም ርካሹና ጉዳት የሌለው ሙከራም የሚቀድም መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ነጥቤ ምልክቱን በትክክል መናገር ነው። «አይበራም» የሚባል ላፕቶፕ ቢያንስ አራት የተለያየ ችግር ሊኖርበት ይችላል። አንደኛው የማብሪያውን ቁልፍ ስንጫን አንዲት መብራት እንኳ አይበራም፣ ምንም ድምፅ የለም። ሁለተኛው ጠቋሚ መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ሲዞር ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሦስተኛው የአምራቹ አርማ ይታይና እዚያው ይቆማል። አራተኛው ዊንዶውስ ውስጥ ይገባል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ይጠፋል ወይም ይደርቃል። የመጀመሪያው ወደ ኃይል መስመሩ፣ ሁለተኛው ወደ ራም ወይም ወደ ስክሪን፣ ሦስተኛው ወደ ዲስክ፣ አራተኛው ወደ ሙቀት ወይም ወደ ሶፍትዌር ያመለክታል። ጥገና ቤት ሄዶ «አይበራም» ብሎ የሚተው ደንበኛና «አርማው ድረስ ይመጣና ይቆማል፤ ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ጀመረው» የሚል ደንበኛ እኩል አገልግሎት አያገኙም። ሁለተኛው ሰው ምንም ሳይፈታ የሥራውን ግማሽ ሠርቶ ነው የሄደው።

ሁለተኛው ነጥቤ ኃይል ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፣ ምክንያቱም በእኛ ሁኔታ ብዙው ብልሽት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የቻርጀራችሁን ጀርባ አገላብጣችሁ አንብቡት። «ኢንፑት» በሚለው መስመር 100–240 ቮልት፣ 50–60 ኸርትዝ የሚል ታገኛላችሁ። ይህ አንድ መስመር ሁለት ነገር ይነግረናል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ በእኛ 220 ቮልት ለመሥራት ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ቻርጀሩ ሁለቱንም ይቀበላል፣ የሚለየው መሰኪያው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ መብራቱ ሲደክምና ቮልቴጁ ወደ 170 ሲወርድ አምፖሉ ቢፈዝም ቻርጀሩ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ለፍሪጅ የምንገዛው ስቴብላይዘር ለላፕቶፕ ዋናው መከላከያ አይደለም። ላፕቶፕን የሚጎዳው ቮልቴጁ መውረዱ ሳይሆን መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው ቅጽበታዊ ጭማሪ ነው። ያ ጭማሪ ከሰከንድ እጅግ ጥቂት ክፋይ በላይ አይቆይም፤ ተራ ስቴብላይዘር ደግሞ ለማስተካከል ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። የሚሻለው መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን መንቀል፣ ከመጣ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ይህን ጊዜ በደንብ ይታገሣል። አንድ ዲቫይደር ላይ ከምድጃና ከካውያ ጋር አብሮ መሰካትም አይመከርም።

ከዚያው ቻርጀር ላይ «አውትፑት» የሚለውን እንመልከት። ለምሳሌ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ይላል። ሁለቱ ሲባዙ 65 ዋት ይሆናሉ። ቻርጀር ጠፍቶ ሌላ ስንገዛ ቮልቱ ተመሳሳይ፣ አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። አምፔሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ላፕቶፑ የሚስበው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ካነሰ ግን፣ ለምሳሌ 45 ዋት ቻርጀር 65 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ ስንሰጥ ይግላል፣ ባትሪው አይሞላም፣ ማሽኑም ይዘገያል። በዴልና በኤችፒ ብዙ ሞዴሎች ደግሞ የቻርጀሩ ጫፍ መካከል ላይ አንዲት ቀጭን መርፌ አለች። የዚያች መርፌ ሥራ የቻርጀሩን ማንነት ለላፕቶፑ መናገር ነው። መርፌዋ ከተጣመመች ወይም ገመዱ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰች ዴል ቻርጀሩን አላወቅሁትም ይላል፤ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ነገር ግን ባትሪ አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ባትሪ ይገዛል፤ አልስተካከል ሲለው ማዘርቦርድ ይጠረጥራል። ከጎረቤት የተዋሰው ተመሳሳይ ቻርጀር ግን በአንድ ደቂቃ መልሱን ይሰጠው ነበር። ከመቀየር በፊት መለየት የምለው ይህን የመሰለውን ነው።

ባትሪውንም በግምት ሳይሆን በቁጥር መመዘን ይቻላል። የሊቲየም ባትሪ ያረጃል፤ ብዙዎቹ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልተው ካለቁ በኋላ ከመነሻ አቅማቸው 80 በመቶ ገደማ ይቀራቸዋል። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ዘገባ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው፤ ዘገባው ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ይጻፋሉ። 50,000 ሚሊዋት ሰዓት ተብሎ የተሠራው ዛሬ 21,000 ብቻ የሚይዝ ከሆነ ከግማሽ በላዩ ሄዷል፤ በአንድ ሰዓት ቢያልቅ ሊገርመን አይገባም፣ ማዘርቦርዱንም መውቀስ የለብንም። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ ፊት ይህን ዘገባ አውጡ፤ ያለ ትርፍ ክርክር ዋጋ ያስቀንሳል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብ። የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ተነሥቶ አልጫን ካለ፣ ወይም የላፕቶፑ ታችኛው ክዳን ከፍ ብሎ ክፍተት ከፈጠረ፣ ባትሪው አብጧል። ይህን ባትሪ መሙላት፣ መጫን ወይም መብሳት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. ዴል በሶኒ የተሠሩ 4.1 ሚሊዮን ባትሪዎችን ከገበያ የሰበሰበው በሴሎቹ ውስጥ የቀሩ ጥቃቅን የብረት ቅንጣቶች እሳት ሊያስነሡ ስለሚችሉ ነው። ባትሪ ቀልድ አይደለም።

ምንም መብራት የማይበራበት ላፕቶፕ ሌላው ቻርጀር ላይም ካልተነሣ፣ አንድ ነጻ ሙከራ ይቀረናል። ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፤ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ። ማዘርቦርዱ ላይ የኃይሉን አነሣሥ የሚቆጣጠር አነስተኛ ቺፕ አለ። መብራት በድንገት ሲቆራረጥ አንዳንዴ እሱ ይደርቃል፤ የቀረው ኃይል ተሟጦ ሲወጣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ከተባሉት ላፕቶፖች መካከል በዚህ ብቻ የሚነሡ አሉ።

ሦስተኛው ነጥቤ የሚበራ ግን የማይታይ ላፕቶፕ ነው። ሙከራው ቀላል ነው፤ በኤችዲኤምአይ ኬብል ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል ከታየ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ራሙ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ስክሪኑ ወይም በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ኬብል ነው። ክዳኑን ስናንቀሳቅስ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ኬብሉ ነው፤ በሺህ ጊዜ መክፈትና መዝጋት የሚያልቀው እሱ ነው፣ ዋጋውም ከስክሪን በጣም ያንሳል። የስልክ መብራት ጠጋ አድርገን ስናበራበት ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ስክሪኑ ይሠራል፣ የጀርባ መብራቱ ነው የጠፋው። በብዙ የዴል ሞዴሎች ደግሞ የ«ዲ»ን ቁልፍ ተጭኖ ማብራት ስክሪኑ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም በተራ እንዲያሳይ ያደርገዋል፤ ቀለሞቹ ጥርት ብለው ከታዩ ስክሪን ለመግዛት ምክንያት የለም።

ቴሌቪዥኑም ላይ ምንም ካልታየ ራሙ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ማሽኑ ራሱ ይናገራል፤ የኤችፒ ላፕቶፕ በካፕስ ሎክ መብራት፣ ዴል ደግሞ በባትሪው ጠቋሚ መብራት እየቆጠረ ብልጭ ይላል። ያንን ብልጭታ ቆጥሮ ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር ማመሳከር የትኛው ክፍል እንደታመመ ይጠቁማል። ቁጠሩትና ጻፉት፤ ወደ ባለሙያ ስትሄዱ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ራሙን አውጥቶ መልሶ በደንብ መጫን፣ ሁለት ከሆኑም አንድ በአንድ መሞከር ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ሁለቱ በየተራ ሲሞከሩ አንደኛው ሠርቶ ሌላው ካልሠራ ተጠርጣሪው ተያዘ። በነገራችን ላይ የራሙን ጫፍ በላጲስ ማሸት የተለመደ ነው። ላጲሱ ፍርፋሪ ይተዋል፣ ጫፉ ላይ ያለው የወርቅ ቅብም በጣም ስስ ነው፤ በአልኮል እርጥብ የተደረገ ንጹሕ ጨርቅ ይሻላል።

አሁን ወደ አራተኛው ነጥብ እንለፍ፤ ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ላፕቶፕ ሲዘገይ፣ ሲደርቅ፣ ዊንዶውስ አልነሣ ሲል በየጥገና ቤቱ የሚሰጠው የተለመደ መድኃኒት ፎርማት ነው። ሶፍትዌሩ በእርግጥ ተበላሽቶ ከሆነና ፋይላችን ሌላ ቦታ ተቀምጦ ከሆነ ፎርማት ተገቢ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ፎርማት ሁለት ጉዳት ያደርሳል። ሊወጣ ይችል የነበረውን ፋይል ይሸፍነዋል፤ የደከመውን ዲስክ ደግሞ ብዙ ጊጋባይት እንዲጽፍ በማስገደድ ያጣድፈዋል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው የማንበቢያ ራስ ከሳሕኑ የሚርቀው በጥቂት ናኖሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር እንደሆነ አስቡ። በርቶ ሳለ የወደቀ ወይም የተናወጠ ላፕቶፕ ውስጥ ያ ራስ ሳሕኑን ሊፍቅ ይችላል፤ የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረው ጽሑፍ አይመለስም። ከፎርማት በኋላ ማሽኑ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ደህና የሚመስለው አዲሱ ዊንዶውስ ጤነኛ በሆነው የዲስኩ ክፍል ላይ ስለተጻፈ ነው። ሕመሙ ግን እዚያው አለ፤ ሲመለስ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ አብሮት ይሄዳል።

ይህን መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም። ዲስክ የራሱን ጤና ይመዘግባል፤ ክሪስታልዲስክኢንፎን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም ሊነበብ ይችላል። በሃርድ ዲስክ መዝገብ ላይ 5 ቁጥር ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎችን፣ 197 ቁጥር ደግሞ ለማንበብ አስቸግረው ፍርድ የሚጠብቁ ቦታዎችን ያሳያሉ። እነዚህ ከዜሮ ተነሥተው እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩን ማመን አይቻልም። ከዚያ በፊት የሚመጣ ሌላ ሙከራም አለ፤ ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ሰክቶ ላፕቶፑን ከፍላሹ ማስነሣት። ከፍላሹ ሲነሣ ለአንድ ሰዓት ያለ ችግር ከሠራ ማዘርቦርዱ፣ ራሙና ፕሮሰሰሩ ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ ዲስኩ ወይም ዊንዶውሱ ነው። ከፍላሹም ተነሥቶ ከደረቀ ፎርማት ቢደረግ ምንም አይፈይድም። በዚያው አጋጣሚ ፋይሎቻችንን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ እንችላለን፤ ይህ ሁልጊዜ ከጥገናው መቅደም ያለበት ሥራ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግሞ ማብራቱ ራሱ ጉዳት ስለሆነ አጥፍታችሁ ፋይል ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡት። ኤስኤስዲ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ቀን ሊሞት ይችላል፤ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ፋይል እንደሌለ ቁጠሩት።

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ላፕቶፑ የሚዘገይ ከሆነስ? ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ለመቀየር አቅም ቢኖረው የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየሩ ከሁሉም ይልቃል። የሚሽከረከረው ዲስክ አንዲት ፋይል ፈልጎ ለማግኘት አሥር ሚሊሰከንድ ገደማ ሲፈጅበት ኤስኤስዲ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ያገኘዋል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ የሚፈልገው በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ይህም ቢሆን ከመለየት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ዘገምታው ከሙቀት ከሆነ ኤስኤስዲ አይፈውሰውም።

ስለ ሙቀት ከተነሣ አዲስ አበባ ላይ ልዩ ጉዳይ አለን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። ፋን ሙቀትን የሚያስወጣው በአየር ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። የአየሩ ቅዝቃዜ ጥቂት ያካክስልናል፣ አቧራው ግን መልሶ ይወስድብናል። ላፕቶፕ ሲከፈት አቧራው በብዛት የሚገኘው በፋኑ ላይ አይደለም። ፋኑና ቀጫጭኖቹ የማቀዝቀዣ ክንፎች በሚገናኙበት ጠባብ መስመር ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የሚገኘው፤ ከውጭ አይታይም። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካለፈም ይጠፋል። ስለዚህ አልጋ ላይ ሲቀመጥ የሚጠፋና ጠረጴዛ ላይ ሲሆን የሚሠራ ላፕቶፕ ቫይረስ አልያዘውም፤ አየር አጥሮታል። አቧራውን ማስጠረግና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ማስቀየር ነው የሚያስፈልገው። ሻይ ወይም ቡና የፈሰሰበት ላፕቶፕ ደግሞ ሌላ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ወዲያውኑ አጥፍቶ ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ ከዚያ ሳያበሩ ለባለሙያ ማድረስ። እርጥበቱ ብቻውን በዝግታ ያዝጋል፤ ኤሌክትሪክ ሲጨመርበት ግን ቦርዱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች በሰዓታት ውስጥ ይበላቸዋል። «እስኪ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ ማብራት ነው የሚገድለው፣ ስኳር ያለው ሻይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

እስካሁን ያልኩትን የሚቃወሙ ሐሳቦች አሉ፤ የማይናቁ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ያልተማረ ሰው እየነካካ ያባብሰዋል የሚለው ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ከዘረዘርኳቸው ሙከራዎች አብዛኞቹ አንድ ብሎን እንኳ አያስፈቱም፤ ቻርጀር መዋስ፣ ቴሌቪዥን ማገናኘት፣ ብልጭታ መቁጠር፣ ከፍላሽ ማስነሣት፣ ዘገባ ማንበብ ናቸው። ድንበሩም ግልጽ ነው። ቻርጀር በቤት አይከፈትም፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኃይል ይቆያል። ያበጠ ባትሪ አይነካም። ካውያ የሚያስፈልገው ሥራ የባለሙያ ነው። ከዚያ መለስ ያለው የእኛ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ ይመጣል፤ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ገና ሲያየው ያውቀዋል ይላሉ። ልምድን አከብራለሁ፤ ጥሩ ግምት የሚሰጠው እሱ ነው። ግምት ግን እስኪፈተን ግምት ነው፤ ለዚህ አንድ ታሪክ ምስክር ይሆናል። በሐምሌ 2008 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ የተባለው ቺፕ አምራች በላፕቶፕ ውስጥ የገቡ አንዳንድ የግራፊክስ ቺፖቹ ደካማ በሆነ ማያያዣ መሠራታቸውን አምኖ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ለጥገናና ለካሣ መድቧል። በእነዚያ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ስክሪናቸው ጥቁር ሆኖ ይቀር ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ ጥገና ቤቶች ቺፑን በሙቅ አየር ሲያሞቁት ላፕቶፑ ይነሣል፤ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል፤ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ሙቀቱ በቺፑ ውስጥ የተሰነጠቀውን ማያያዣ ለጊዜው ያገናኘው ነበር እንጂ አላዳነውም። ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ልምድ «ሙቀት ይፈውሰዋል» ብሎ ነበር፤ ምክንያቱን የጠየቀ ብቻ ነው ቺፑ ራሱ መቀየር እንዳለበት ያወቀው። መነሣት ብቻውን መዳን እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። መለየት ጊዜ ይወስዳል፤ ደንበኛው ደግሞ የሚከፍለው ለተቀየረ ዕቃ እንጂ ለምርመራ አይደለም። ባለሙያው ሁለት ሰዓት መርምሮ «የራሙ አቀማመጥ ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ» ቢል፣ «ለዚህ ነው ገንዘብ የምትጠይቀኝ?» ይባላል። ዕቃ ቀይሮ ቢሰጥ ግን ያለ ክርክር ይከፈለዋል። ይህ እውነት ነው፤ ጥፋቱም የእኛ የደንበኞች ነው ብዬ አምናለሁ። ሳንፈልግ ባለሙያው ዕቃ እንዲቀይር የምንገፋፋው እኛው ነን። መፍትሔው የምርመራን ዋጋ ከጥገና ዋጋ ለይቶ መስማማት ነው። ላፕቶፑን ስታስረክቡ ለምርመራ ምን ያህል እንደምትከፍሉ ተነጋገሩ፤ «ምን ፈትሸህ ነው እዚህ ላይ የደረስከው?» ብላችሁም በአክብሮት ጠይቁ። «ማዘርቦርዱ ሄዷል» ሲባል የትኛው መስመር ላይ ሾርት እንዳለ በቴስተር ሲለካ እንዲያሳያችሁ መጠየቅ ክብር መንካት አይደለም። በደንብ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ ከማይሠራው የሚለየውም እሱ ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሳችሁ ተቀበሉ፤ ፎርማት ከመደረጉ በፊትም ፋይላችሁ ስለመገልበጡ በጽሑፍ ይሁን።

የመጨረሻው ተቃውሞ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ሁሉም ነገር በቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ የምታስተምረን ነገር ጊዜው አልፎበታል የሚል ነው። በከፊል ልክ ነው። አፕል በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ማክቡክ ኤር ራሙ የተበየደ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ተከትለውታል፤ በአንዳንዶቹ ዲስኩም ተበይዷል። ይህ ግን መለየትን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ክፍሉ ለብቻው የማይቀየር ከሆነ የተሳሳተ ፍርድ ሙሉ ቦርድ ያስከፍላል። ቻርጀር፣ ባትሪ፣ ፋን፣ ስክሪንና ኪቦርድ አሁንም ተነጣጥለው ይቀየራሉ፤ ከፍላሽ ማስነሣትና ቴሌቪዥን ማገናኘት አሁንም ይሠራሉ። ተቃውሞው የሚያስተምረን በመግዣ ሰዓት ነው። ላፕቶፕ ስትመርጡ የቀለሙንና የቅጥነቱን ያህል ራሙ የተበየደ ነው ወይስ የሚጨመር፣ ዲስኩ ይወጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የተበየደ ከሆነ 8 ጊጋባይት ያለውን ገዝቶ በኋላ እጨምራለሁ ማለት አይቻልም፤ ያለንን ገንዘብ ከመጀመሪያው 16 ላይ ማዋል ይሻላል። ዲስኩ የማይወጣ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ በሞተ ቀን ፋይሉም አብሮ ስለሚቀበር፣ የውጭ ዲስክ አብራችሁ ግዙ።

ላፕቶፑ ምን እንደሆነበት ሊጠይቅ የሚፈልግ ካለ፣ ሲበራ መጨረሻ ያየውን ነገር ከመጀመሪያው እየተናገረ ይጀምር፤ እዚህ አብረን እንለየዋለን።